ዶክተር አብርሃም ቲቾ፦ የኢየሩሳሌም የዓይን ሐኪም

ኢየሩሳሌም ውስጥ ከያፎ መንገድ ወደ ራቭ ኩክ መንገድ የታጠፈ ሰው፣ ከሱቆቹ ጀርባ ዛፍ የከበበው አንድ የድንጋይ ቤት ያገኛል። ቤቱ ዛሬ የኢስራኤል ሙዚየም ክፍል ነው። ሥዕል ይታይበታል፣ ቡናም ይጠጣበታል። ከዚያ እስከ ኢትዮጵያ መንገድና እስከ ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው አልፈነው ሄደናል። በአንድ ወቅት ግን አይሁዱም አረቡም፣ ሀብታሙም ድሃውም፣ በሰው እጅ እየተመራ ወደዚህ ቤት ይመጣ ነበር። ለምን ቢባል የዓይን ሐኪሙ ዶክተር ቲቾ እዚያ ስለነበሩ ነው።

ዶክተር አብርሃም አልበርት ቲቾ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቦስኮቪች በምትባል የሞራቪያ ከተማ ተወለዱ። አገሩ ዛሬ ቼክ ይባላል፤ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሥ ሥር ነበር። ቪየና ሄደው ሕክምና ተማሩና የዓይን ሐኪም ሆኑ። በ1912 መቀመጫው ፍራንክፈርት የሆነ ለማዓን ጽዮን የሚባል የአይሁድ ማኅበር ኢየሩሳሌም ውስጥ የዓይን ሆስፒታል እንዲመሩ ላካቸው። በዚያው ዓመት የቅርብ ዘመዳቸው አና መጣችና ተጋቡ። በእኛ ባህል እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ይህ ሊገርመን ይችላል፤ በእነሱ ዘንድ ግን የተለመደ ነበር። አና በኋላ ስመ ጥር ሠዓሊ ሆናለች፤ ያን ጊዜ ግን ክሊኒኩ ውስጥ ባሏን ትረዳ ነበር።

ዶክተሩ ሲመጡ ኢየሩሳሌም ውኃ በጉድጓድ የሚጠራቀምባት፣ ዝንብ የበዛባት ድሃ ከተማ ነበረች። የብዙ ሕፃናት ዓይን በትራኮማ ይታመም ነበር። ትራኮማ ከባክቴሪያ ይመጣል። በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢይዝ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባበሳል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ በመጨረሻም ያጠፋዋል። ሴት አያቶቻችን ጎንደር ሳሉ በወረንጦ የሚነቅሉት የዓይን ፀጉር ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን አንቲባዮቲክ የለም። ሐኪሞች የዓይን ቆብ ገልብጠው በመዳብ ጨው ያሹ ነበር። በጣም ያቃጥላል፣ ደግሞ ለወራት መመላለስ ይጠይቃል። ስለዚህ ዶክተር ቲቾ በሽተኛው እስኪመጣ ብቻ አልጠበቁም። በየትምህርት ቤቱ የልጆችን ዓይን የመመርመር ሥራ ውስጥ ገቡ። በ1913 ሐዳሳ የላካቸው ሁለት አሜሪካውያን ነርሶችም ከተማዋ ደርሰው በዚሁ ዘመቻ ተሰልፈዋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው። ዶክተሩ የኦስትሪያ ዜጋ ስለነበሩ የጦር ሐኪም ሆነው ደማስቆ ሄዱ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሰው የሐዳሳን የዓይን ክፍል መሩ፣ ከዚያም የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። በ1924 ያንን የድንጋይ ቤት ገዙ። ታች ሕመምተኛ ይታከማል፣ ላይ እነሱ ይኖራሉ።

በ1929፣ አገሩ በብጥብጥ በታመሰበት ዓመት፣ አንድ አረብ ክሊኒካቸው አጠገብ በጩቤ ወጋቸው። ክፉኛ ቆሰሉ፤ ሞት አፋፍ ደርሰው ተመለሱ። ሲድኑ ምን ያደርጉ ይሆን? በራቸውን ቢዘጉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ አረብ በሽተኞችንም እንደ በፊቱ ማከማቸውን ቀጠሉ። ከሕይወታቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ከትራኮማ ሌላ የዓይን ሞራም ይገፉ ነበር። የዚያን ጊዜ ሞራ የተገፈፈለት ሰው ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፤ ሲነሣም የሚያየው በወፍራም መነጽር ነው። በዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ የመጣው በ1949፣ ሐሮልድ ሪድሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ላይ ሲሞክሩት ነው። ዶክተር ቲቾ በ1960 ዐረፉ። አና እስከ 1980 ኖራ ቤቱን፣ መጻሕፍቱን፣ ሥዕሎቿንና ዶክተሩ የሰበሰቡትን የሐኑካ መብራት ለኢየሩሳሌም ሕዝብ አወረሰች።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ትራኮማ ከኢስራኤል ጠፍቷል፤ ከኢትዮጵያ ግን ገና አልወጣም። በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው፤ ትራኮማም ብዙውን ጎድቷል። በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከ60 በመቶ በላይ ትራኮማ ነበረባቸው። ዛሬ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በቀላል ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ አዚትሮማይሲን ለሕዝብ ይታደላል፣ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መሥራትም ይሰበካል። መድኃኒቱ አዲስ ነው፤ ሐሳቡ ግን ዶክተር ቲቾ ትምህርት ቤት የገቡበት ሐሳብ ነው፦ በሽታውን ልጁ ሳይጎዳ መቅደም።

እኛ ራማት ቬርበር ያለነውስ? እዚህ ሽማግሌዎቻችንን የሚያሰጋቸው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የዓይን ሞራ። የእርጅና ነገር ነው ተብሎ ይተዋል እንጂ ሌንስ ይተከልና ሰውየው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሁለተኛ፣ ስኳር። ስኳር ያለበት ሰው ምንም ባይሰማውም በዓመት አንድ ጊዜ ዓይኑን መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ ግላኮማ። ይህ አያምም፣ አይቀላም፤ ከጎን በኩል ቀስ እያለ ይሰርቃል። ዘሩ ከአፍሪካ የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ይበዛል። የጠፋው አይመለስም፤ በጠብታ ግን የቀረው ይጠበቃል።

ቤይሊንሶን ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ቁፓት ሖሊምም ሩቅ አይደለም። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ቀጠሮውን የሚይዝና አብሮ ሄዶ የሚያስተረጉም ሰው ነው። ዕብራይስጡንም አማርኛውንም የምንችል እኛ ነን። ስለዚህ ዘንድሮ እያንዳንዳችን አንድ አያት ወይም አንዲት አያት ይዘን ለዓይን ምርመራ እንሂድ።