የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅ የጠገኑት ሐኪም

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞች የሥጋ ደዌን ሕክምና የተማሩበት ማዕከል ነው። በ1965 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ሲቋቋም ከሐሳቡ ጠንሳሾች አንዱ እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ ነበሩ። አንድ ሐኪም የሠለጠነበት ሥፍራ የወደፊት ሥራውን ምን ያህል እንደሚወስን የእኚህ ሰው ሕይወት በግልጽ ያሳያል።

ዶክተር ብራንድ በ1914 በደቡብ ሕንድ ኮረብታማ ገጠር ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ከተላኩ በኋላ አስቀድመው የያዙት ሙያ ሕክምና ሳይሆን አናጺነትና ግንበኝነት ነበር። ኋላ ወደ ሕክምና ዞረው በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ሲሠለጥኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ከተማይቱ በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ከፍርስራሽ የሚወጡ ቁስለኞች ሆስፒታሉን ሞሉት። ወጣቱ ሐኪም የተቀጠቀጠ እጅና የተበጠሰ ጅማት መጠገንን የተማሩት ያን ጊዜ ነው። በሰላም ዘመን ሠልጥነው ቢሆን ኖሮ ስለ እጅ ያን ያህል ባልተጨነቁ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1946 በሕንድ በቬሎር የሕክምና ኮሌጅ የቀዶ ሕክምና መምህር ሆኑ። በተከታዩ ዓመት በቺንግልፑት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መኖሪያ ሲጎበኙ ጣቶቹ የተኮማተሩ ሕመምተኛ እጃቸውን ቢጨብጣቸው ጥንካሬው አሳመማቸው። ከእጁ ጡንቻዎች አንዳንዶቹ ቢሰንፉም ሌሎቹ ሕያው መሆናቸውን ተረዱ። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲወድቅ ሌላ ተጠምዶ እንደሚታረስ ሁሉ፣ የደህናውን ጡንቻ ጅማት ወደ ሰነፈው ጣት እያዛወሩ ሕሙማኑ እጃቸውን ዘርግተው እንዲሠሩ አደረጉ።

ሌላው ግኝታቸው የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ጣት የሚያጥረው ደዌው ስለሚበላው አይደለም። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም አይሰማም፤ የጋለ ድስት ያነሣች እናት፣ እርፍ መዳፉን የላጠው ገበሬ ሳያውቁት ይቆስላሉ፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በሚሰጡት የተቀናጁ መድኃኒቶች በሽታው ከ6 እስከ 12 ወር በሚደርስ ሕክምና ይድናል። በገላው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ከጎረቤት ከማግለል ፈንታ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ጣቶቹን ያተርፍለታል።

የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ አንድም ቀን ሳያይ ከትልቅ ሆስፒታል ሠልጥኖ የወጣ ሐኪም ወደዚህ ሥራ የሚሳብበት ምክንያት ጥቂት ነው። ብራንድ ራሳቸው ቺንግልፑትን ባያዩ በቬሎር ተራ ቀዳጅ ሐኪም ሆነው በቀሩ ነበር። እርሳቸው የተሳተፉበትና በ1955 በካሪጊሪ የተቋቋመው ማሰልጠኛ በሕሙማን መካከል ተሠራ። አለርትም የተተከለው ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው በዘነበወርቅ ሆስፒታል ላይ ነው።

ዶክተር ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ካርቪል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወሩ። ስለ ደነዘዘ እግር ያካበቱት እውቀት በዚያ ለስኳር ሕመምተኞችም ጠቀመ። በ2003 አረፉ።