ከወፍጮ ቤት እስከ መጽሐፈ ምሥጢር
(አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ምእመናን ሆይ! ጾማችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ ስለት ተስላችሁ መልሱ የዘገየባችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ልጅ ሲታመም፣ እንጀራ ሲጠፋ የእግዚአብሔር አሳብ ምን እንደሆነ አልገባችሁ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የተገላበጣችሁ አትጠፉም። እስቲ ለእናንተ የሚሆን የአንድ አባት ታሪክ ስሙ።

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወሎ፣ በቦረና አካባቢ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። ልጁንም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ላከው። ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩባት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩባት የሊቃውንት መፍለቂያ ናት።

ታዲያ ምን ይሁን! ትምህርቱ አልገባው አለ። ሌሎቹ ቀለም ሲቆጥሩ እርሱ የሰማውን መያዝ አቃተው። ገድሉ እንደሚነግረን፣ መምህሩ ተስፋ ቆርጦ ወደ አባቱ ቢሰደው፣ አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ መልሶ እንደማይወስድ፣ ባይማር እንኳ ገዳሙን እንዲያገለግል ነግሮ መለሰው። ጊዮርጊስም ለመነኮሳቱ እህል መፍጨት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሊቅ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ በዜማና በቅኔ ሲራቀቁ እርሱ መጁን ይዞ ይፈጫል። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል የሚመልስ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ወፍጮውንም ጸሎቱንም አልተወም። ቀን እየፈጨ፣ ሌሊት በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይለምን ነበር። ከብዙ ልመና በኋላ እመቤታችን ተገልጣ የዕውቀት ጽዋ አጠጣችው፤ ልቡናውም በራለት።

ከዚያማ ብዕሩ አላረፈም። መጽሐፈ ሰዓታትን ደረሰ። በ1416 ዓ.ም. ደግሞ መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ፤ በዚህም ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ የነአርዮስን፣ የነሰባልዮስንና የነንስጥሮስን ክህደት መለሰ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ምሥጢር ስለ ተገለጠለት መከራ አልቀረለትም። በሐሰት ተከስሶ ታስሯል። መጽሐፉን ምሥጢር ብሎ የሰየመው አባት፣ የሚደርስበትን ሁሉ አስቀድሞ አውቆ አልኖረም። የእግዚአብሔርን ባሕርይም መርምሮ አልጨረሰም፤ የተገለጠውን አምኖ አስተማረ፤ ለተሰወረው ሰገደ።

እኛ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድመን ልናውቅ፣ ከዚያ በኋላ ልናምን እንሻለን። ምክንያቱ ካልተነገረን ጸሎቱን እናቋርጣለን፤ ከቤተ ክርስቲያንም እንቀራለን። ጊዮርጊስ ሳይገባው ከገዳሙ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መጽሐፍ ከየት ይገኝ ነበር?

እናንተም የየራሳችሁ ወፍጮ አላችሁ። አንዷ በሽተኛ ታስታምማለች፤ አንዱ ሥራ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ያልገባችሁን ነገር ለእግዚአብሔር እየነገራችሁ የተሰጣችሁን ሥሩ። በዚህ ጾም ሌሊት ለሰዓታት ስትቆሙም ያንን ዜማ የደረሰው አባት አንድ ጊዜ ትምህርት አልገባው ብሎ እህል ፈጪ እንደነበረ አስታውሱ።

የአባታችን መታሰቢያ ሐምሌ 7 ቀን ነው፤ ዕለቱም ቅድስት ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የገቡበት በዓል ነው።

ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።