ራስ አሉላ አባ ነጋና የሰዓጢ ጠረፍ ሙታን

ዕድር ማለት ድንኳን መትከልና ንፍሮ መቀቀል ብቻ አይደለም። የሞተው ሰው ስሙ ከመዝገብ እንዲገባ፣ አጽሙም ከታወቀ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ዘንድሮ ስለ ራስ አሉላ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ራስ አሉላ እንግዳ በተምቤን፣ መነዌ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለዱ። የፈረስ ስማቸው አባ ነጋ ነው። ዘር ቆጥረው የተሾሙ ሰው አልነበሩም፤ ከአሽከርነት ተነሥተው በጀግንነታቸውና በብልሃታቸው ነው ያደጉት። በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ጦር በጉንዴትና በጉራዕ ሲመታ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተዋግተው ስማቸው ተጠራ። ብዙም ሳይቆይ ራስ ተብለው መረብ ምላሽን እንዲገዙና ጠረፉን እንዲጠብቁ ተሾሙ። መጀመሪያ በዓዲ ተክላይ ሰፈሩ፤ በ1876 ግድም ወደ አስመራ ተዛወሩ። አስመራ ያኔ ትንሽ መንደር ነበረች። ሠራዊቱ ሲሰፍርባት ጊዜ ገበያዋ ደራ፣ ከምጽዋ የሚወጣውም ነጋዴ መተላለፊያው እሷ ሆነች።

በ1877 ጣልያን ምጽዋን ያዘ። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ኩፊት ላይ ደርቡሽን ድል ሲያደርጉ፣ በወዲያ በኩል ጣልያን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገፋ ነበር። ከምጽዋ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሰዓጢ የሚባል የውሃ ጉድጓድ ያለበት ቦታ አለ። በዚያ ቆላ ውሃውን የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነው። ጣልያንም ይህን አውቆ ወታደር አስገባና መሸገበት። ራስ አሉላ ቦታውን እንዲለቁ ቢልኩባቸውም አልሰሙም።

በጥር ወር 1879 ራስ አሉላ የሰዓጢን ምሽግ ገጠሙ። ታዲያ ምሽግ ውስጥ ያለ ጠላት በቀላሉ አይደፈርምና ብዙ ሰው ወድቆባቸው ተመለሱ። በማግስቱ በሌተና ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ 500 የሚያህል የጣልያን ጦር ለሰዓጢ እርዳታ ይዞ ሲመጣ ዶጋሊ ላይ ከበው ፈጁት። ከ400 በላይ ሞተ፤ የተረፉት ቁስለኞች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ጣልያን ለእነዚያ ሟቾቹ ዶጋሊ ኮረብታ ላይ መታሰቢያ አቆመ። በዚያው ዓመት ሮማ ላይ ከጥንት ግብጽ የመጣ ሐውልት ተከለላቸው፤ በባቡር ጣቢያው ፊት ያለውም አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተባለ። እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ሙታናቸውን ማክበራቸውን አንነቅፍም፤ ዕድርተኛ ይህን ሊነቅፍ አይችልም። ግን በሰዓጢ ምሽግ ሥርና በዶጋሊ የወደቁት የራስ አሉላ ወታደሮችስ? ባላገሮች ነበሩ፤ እናት ነበራቸው፣ ሚስት ነበራቸው። በስማቸው የተጠራ አደባባይ የለም።

በ1880 አፄ ዮሐንስ ሰዓጢ ድረስ ወርደው ሳይዋጉ ተመለሱ። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቁ ራስ አሉላ ወደ ትግራይ ገቡ፤ በሐምሌም ጣልያን አስመራን ያዘ። ያቺ የጠረፍ ሰፈር ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ ናት። ራስ አሉላ ከአፄ ምኒልክ ጋር ታርቀው የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ተሰለፉ። ከድሉ በኋላም አፄ ምኒልክ ፈቅደው የጣልያን ሰዎች መጥተው ሙታናቸውን ቀበሩ። ጠላትም ቢሆን ሬሳ ሜዳ ላይ አይጣልም።

የራስ አሉላ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ያን ሁሉ የውጭ ጠላት ያለፉ ሰው፣ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር በተነሣ ጠብ ተዋግተው ቆሰሉና በየካቲት 1889 አረፉ። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበሩ። የመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል።

የጌታው መቃብር ታወቀ፤ የተከታዮቹ ጠፋ። እንዲያው ስናስበው ከእኛም መካከል አባቱ፣ ወንድሙ ወይም ልጁ በአንዱ ጠረፍ ቀርቶ ሬሳውን ያላየ፣ ያለ አስከሬን ለቅሶ የተቀመጠ ስንት ቤት አለ? ስለዚህ አንድ ነገር እናሳስባለን። ከመዝገባችን መጨረሻ ጥቂት ገጽ ባዶ ይተው። ክርስቲያኑም እስላሙም በጠረፍ የቀረበትን ሰው ስም፣ ከነአባቱ ስም፣ ለጸሐፊው ያስመዝግብ። በየዓመቱ ጠቅላላ ስብሰባ ላይም ይነበብ። ለዚህ መዋጮ አያስፈልግም፤ ቀለምና ወረቀት ይበቃል።

ለሁሉም ነፍስ ይማር።