የጠመንጃን አፍ ያጠበበው ሰው፦ ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነር

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ፥ ይህን ነገር በመጀመሪያ ያሰበው ማን ነው የሚለው ነው። ነገር ግን ሐሳብን ቀድሞ ማግኘት አንድ ነገር ሲሆን፥ ያንኑ ሐሳብ ከሥራ ላይ አውሎ ለሚጠራጠር ሁሉ በግልጽ ማሳየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳለት እንግሊዛዊው ጠመንጃ ሠሪ ዊልያም ዌሊንግተን ግሪነር ስሙን ያስጠራው በዚህ በሁለተኛው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ግሪነር በ1834 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተወለደ። አባቱም ዊልያም ይባል ነበር፤ እርሱም የታወቀ ጠመንጃ ሠሪ ነው። ሰውዬው በ1844 ቤተ ሰቡንና ሥራውን ይዞ የጠመንጃ ሠሪዎች መናኸሪያ ወደ ነበረችው ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ።

የዚህ አባት ታሪክ ራሱ የሚያሳዝን ነው። በ1835 ሲተኮስ ሰፋ ብሎ የጠመንጃውን ቱቦ ሞልቶ የሚወጣ ጥይት ሠርቶ ለመንግሥት አቀረበ፤ ባለሥልጣኖቹ ግን አልተቀበሉትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሚኒዬ በዚያው ሐሳብ ላይ የቆመ ጥይት ሲያወጣ የእንግሊዝ መንግሥት 20,000 ፓውንድ ከፈለው። ለግሪነር አባት ግን በ1857 የተሰጠው 1,000 ፓውንድ ብቻ ነበር።

አዲስ ሐሳቡን የሚሰማለት ያጣው ይህ ሰው፥ በእርጅናው ዘመን እርሱም በተራው አዲስ ሐሳብ የማይሰማ ሆነ። በዚያን ጊዜ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ እየቀረ፥ ከኋላው ተከፍቶ ጥይት የሚጎርሰው ጠመንጃ መምጣት ጀምሮ ነበር። አባትየው የቀድሞው ይበልጣል ብሎ አዲሱን አልሠራም አለ። ልጁም አባቱን ቢያከብርም ሐሳቡን አልተቀበለም፤ ተለይቶ የራሱን ሥራ አቋቋመና በ1864 ከኋላ ለሚጎርስ ጠመንጃ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። አባቱ በ1869 ሲሞት ሁለቱን ድርጅቶች አንድ አድርጎ ይመራ ጀመር።

የግሪነርን ስም ከፍ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። ለወፍ አደን የሚያገለግለው ጠመንጃ የሚተኩሰው አንድ ጥይት ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን አረር ነው። አረሩ ከአፈሙዙ እንደ ወጣ መበታተን ይጀምራል፤ ርቀቱ በጨመረ መጠን በአረሩ መካከል ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ፥ ወፉ በክፍተቱ ውስጥ ሳይመታ ያመልጣል፤ ወይም ቆስሎ ይሄድና በጫካ ውስጥ በከንቱ ይሞታል። ለዚህ መድኃኒቱ ቱቦውን ከአፈሙዙ ዘንድ በጥቂቱ ማጥበብ ነው። ይህም ጥበት ቾክ ይባላል። በተለመደው ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ሙሉ የሚባለው ጥበት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን አረሩን ሰብሰብ አድርጎ ይልከዋል።

ይህን ሐሳብ ግሪነር አልፈጠረውም። አሜሪካዊው ሮፐርና እንግሊዛዊው ፔፕ በ1860ዎቹ ቀድመውት ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ የተሠሩት ጠመንጃዎች አንድ ጊዜ ደኅና ሲመቱ ሌላ ጊዜ አረሩን ያበላሹ ነበር። በ1874 መጀመሪያ አንድ ደንበኛ ለግሪነር ደብዳቤ ጽፎ አፈሙዙ የጠበበ ጠመንጃ እንዲሠራለት አዘዘው፤ ጥበቱ ምን ያህል እንደሚሆንና በምን መሣሪያ እንደሚሠራ ግን አልነገረውም። ግሪነርም ደጋግሞ እየሞከረ ትክክለኛውን ቅርጽና ልክ አገኘ፤ መሰርሰሪያውንም ራሱ አዘጋጀ።

በታኅሣሥ ወር 1874 ፊልድ በተባለው የአደን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። በ40 ያርድ፥ ማለት በ36 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት፥ ስፋቱ 30 ኢንች በሆነ ክብ ውስጥ ጠመንጃው በአማካይ 210 አረር እንደሚያሳርፍ ዋስትና ሰጠ። በ1866 በለንደን በተደረገው ፈተና የበለጠው ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ያሳረፈው ግን በአማካይ 127 ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ውሸት ነው ብለው ተነሡበት። ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ግሪነር ስሙንም ገበያውንም ባጣ ነበር።

የጋዜጣው አዘጋጆች ክርክሩን በቃል ከመጨረስ ይልቅ በ1875 በለንደን ሕዝብ ፊት ፈተና እንዲደረግ ወሰኑ። ጠመንጃ ሠሪዎቹ መሣሪያቸውን አቀረቡ፤ በወረቀቱ ላይ ያረፈው አረር እየተቆጠረ ተመዘገበ። በጠባብ አፈሙዝ ክፍል የግሪነር ጠመንጃ ያለ ችግር አሸነፈ። በ1877ና በ1879 በተደረጉት ፈተናዎችም ድሉን ደገመው። ኋላም በ1881 ስለ ጠመንጃ አመጣጥና እድገት ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ታርሞ ታትሟል። ግሪነር በ1921 ዓ.ም. ዐረፈ።

የሥራው ፍሬ ዛሬም በአሜሪካ ጫካዎች ይታያል። ቱርኪ የተባለውን ትልቅ የዱር ወፍ የሚያድን ሰው የሚያነጣጥረው ወደ ራሱና ወደ አንገቱ ነው፤ ላባው የወፈረው አካል ለጥቃቅን አረር የማይመች ነውና። ኢላማው ትንሽ ስለሆነ አረሩ መሰብሰብ አለበት። ባልጠበበ አፈሙዝ በ40 ያርድ በዚያ ክብ ውስጥ የሚያርፈው ከመቶ 40 ያህል ሲሆን፥ በሙሉ ጥበት ግን ወደ 70 ይደርሳል። ዛሬ ቾኩ በአፈሙዙ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገባና የሚወጣ ትንሽ ቱቦ ስለሆነ፥ አዳኙ እንደ ፈቃዱ ይለውጠዋል። አረሩም ከእርሳስ ሌላ ከእርሳስ እጅግ ከሚከብደው ከተንግስተን ይሠራል። ነገር ግን ጠባቡ ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ጥበት አረሩን መልሶ ይበትነዋል። አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው ይጠላዋል። ስለዚህ አስተዋይ አዳኝ የሻጩን ቃል ብቻ ሰምቶ ወደ ጫካ አይሄድም፤ አስቀድሞ ወረቀት ሰቅሎ፥ በሚያድንበት ርቀት ተኩሶ፥ ቀዳዳውን ቆጥሮ ይመርጣል እንጂ። ይህም ግሪነር በ1875 የተፈተነበት መንገድ ነው።

ነገ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣችሁ የሰው ሐሳብ የሚቀርብላችሁ ወጣቶች፥ ከአባትና ከልጁ ታሪክ የምትማሩት አለ። አባትየው የተበደለው በጥይቱ ውጤት የሚፈርድለት ዳኛ በማጣቱ ነው፤ ኋላም እርሱ ራሱ ለአዲሱ ጠመንጃ ያንኑ ዳኝነት ነፈገ። ልጁን ያዳነው ጩኸቱ አልነበረም፤ በወረቀቱ ላይ የተቆጠረው ቀዳዳ እንጂ። አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥማችሁ ከማመስገናችሁም ከመንቀፋችሁም በፊት ወረቀቱን ስቀሉለትና ቁጠሩለት።