ጂም ቶርፕና የኡራንግ ቡድን የሽንፈት ዓመት

በስፖርት ታሪክ ከታዩት ታላላቅ አትሌቶች አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ጂም ቶርፕ፣ በአሰልጣኝነትና በተጫዋችነት የመራው ኡራንግ ኢንዲያንስ የተባለ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1923 ካደረጋቸው 11 ጨዋታዎች በ10ሩ ተሸንፏል። ቡድኑ በዓመቱ ያስቆጠረው 50 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ የተቆጠረበት 257 ነበር። በስድስት ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አላገኘም። ከሁሉም የከፋው በቡፋሎ ቡድን 57 ለ 0 የተረታበት ነው። ያሸነፈው የሉዊቪልን ቡድን ብቻ ነበር፤ ውጤቱም 19 ለ 0 ነው።

የሽንፈቱ መሪ ግን ከ11 ዓመታት በፊት በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በፔንታትሎንና በዴካትሎን ሁለት የወርቅ ሜዳሊያዎችን የተቀዳጀው ሰው ነበር።

ቶርፕ በ1880ዎቹ መጨረሻ በዛሬዋ ኦክላሆማ ከሳክና ፎክስ ነገድ ተወለደ። የተማረው በፔንሲልቬንያ በነበረው የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ትምህርት ቤቱን የከፈተው በተለምዶ ቀይ ሕንዶች የሚባሉትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ለማላቀቅ ነበር። ቶርፕ ለዝና የበቃውም በዚሁ ትምህርት ቤት በፉትቦልና በአትሌቲክስ ነው።

ይሁንና በ1913 መጀመሪያ ላይ ከኦሊምፒኩ በፊት በሰሜን ካሮላይና በአነስተኛ ክፍያ ቤዝቦል መጫወቱ በጋዜጣ ወጣ። ጨዋታው ለአማተሮች ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። በውድድሩ ደንብ መሠረት አቤቱታ መቅረብ የነበረበት በ30 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ በቶርፕ ላይ የቀረበው ግን ከስድስት ወራት ገደማ በኋላ ነበር። ደንብ ጥሷል የተባለው ሰው የተቀጣው ደንቡ ራሱ ተጥሶ ነው ማለት ይቻላል።

ቶርፕ ከዚያ በኋላ በደመወዝ መጫወት ጀመረ። በ1920 የፕሮፌሽናል ፉትቦል ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ማኅበሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ የሚለውን ስም ያዘ። ለፕሬዚዳንትነት የተመረጠው ስሙ ማኅበሩን እንዲያስተዋውቅ ታስቦ ነበር።

ስሙን በይበልጥ የተጠቀመበት ግን ዋልተር ሊንጎ የተባለ ነጋዴ ነው። ሊንጎ ነዋሪዎቿ ከ1 ሺህ በማይበልጡባት ላሩ በተባለች የኦሃዮ መንደር ኤርዴል የሚባሉ የአደን ውሾችን እያራባ ይሸጥ ነበር። በ1922 የሊጉን የአባልነት ፈቃድ በ100 ዶላር ገዝቶ በነባር ሕዝቦች ተወላጆች ብቻ የተዋቀረ ቡድን አቋቋመ፤ ስሙንም በውሾቹ ማርቢያ ሰየመው። መንደሯ ተስማሚ ሜዳ ስላልነበራት ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ በየከተማው እየዞረ ይጫወት ነበር።

ተጫዋቾቹ በአዘቦት ቀናት ውሾቹን መንከባከብና ማሠልጠን ሥራቸው ነበር። በጨዋታ ዕለትም እረፍት አልነበራቸውም። በሁለቱ አጋማሾች መካከል ለተመልካቹ ይጨፍራሉ፣ መጥረቢያ ይወረውራሉ፣ የውሾቹን ትርዒት ያሳያሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ይጋጠማሉ። እንዲህ ከዋለ ቡድን ድል መጠበቅ የዋህነት ነበር። ለሊንጎ ዋናው ነገር የውሾቹ ገበያ ነው። ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ አሸንፎ ስድስት ጊዜ ቢሸነፍም፣ ተመልካች ለትርዒቱ ሲል ይጎርፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ትርዒቱ አዲስነቱን አጣ፤ ሊንጎም ቡድኑን በተነ። የነባር ሕዝቦችን አባላት በሙሉ የአሜሪካ ዜጋ ያደረገው ሕግ የወጣው ቡድኑ ከተበተነ በኋላ፣ በ1924 ነበር።

ዕድሜው 30ዎቹን ያጋመሰው ቶርፕ ከቡድን ቡድን እየተዘዋወረ እስከ 1928 ተጫወተ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን በካሊፎርኒያ የጉልበት ሥራ ሠርቷል፤ በፊልሞችም በአነስተኛ ሚና ታይቷል። በ1950 የአሶሽዬትድ ፕሬስ የዜና ወኪል ባካሄደው ምርጫ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ አትሌት ተብሎ የተመረጠ ሲሆን፣ በመጋቢት 1953 በካሊፎርኒያ አረፈ።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1982 ሜዳሊያዎቹ እንዲመለሱ ሲወስን ቶርፕን የጋራ አሸናፊ ብቻ አደረገው፤ ለልጆቹም በማግስቱ ዓመት ምትክ ሜዳሊያዎች ተሰጧቸው። የሁለቱም ውድድሮች ብቸኛ አሸናፊ መሆኑ የታወጀው በሐምሌ 2022፣ ካረፈ ከ69 ዓመታት በኋላ ነው።