በገዛ ጭኑ የሞከረው ሐኪም

ታላቅ እህቴ እትዬ ከ15 ዓመት በፊት ውጭ አገር ሄደው የቀኝ ዳሌያቸውን መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ አስለውጠው ነበር። ሰሞኑን እንደገና ማነከስ ጀመሩ። ራጁን ያየው ሐኪም መገጣጠሚያው ላልቷልና መለወጥ አለበት ሲላቸው ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሕግ ተምረሃልና ማንን እንክሰስ ነው ነገሩ። እኔም እንደ ልማዴ ክስ ከመጻፌ በፊት ፍሬ ነገሩን ልመርምር ብዬ ተነሣሁ። ምርመራው ያደረሰኝ ግን ፍርድ ቤት ሳይሆን፣ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሊ ዘንድ ነው።

ቻርንሊ በ1911 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላንካሻየር ውስጥ በሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ፣ እናቱ ነርስ ነበሩ። ማንቸስተር ተማረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ግብፅ ውስጥ በጦር ሐኪምነት አገለገለ። ይህን በዚህ ልለፈው፤ ዋናው ጉዳይ የሚጀምረው ከአንድ ታካሚ ዳሌ ከሚወጣ ድምፅ ነውና።

ታካሚው በዘመኑ የነበረው የፕላስቲክ ራስ የተገጠመለት ሲሆን፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዳሌው ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይላል። ሌላ ሐኪም ስቆ ያልፈው ይሆናል። ቻርንሊ ግን ድምፁ የሰበቃ መሆኑ ገባው። ሰበቃ ካለ የተተከለው ነገር ውሎ አድሮ ከአጥንቱ ይነቃነቃል። ስለዚህ የጭኑን ራስ ወደ 22 ሚሊ ሜትር በሚሆን ትንሽ የብረት ኳስ ተካ። ኳሱ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ከሚያንሸራትተው ቴፍሎን ሠራ። ሁለቱንም የጥርስ ሐኪሞች በሚያውቁት የአክሪሊክ ሲሚንቶ ከአጥንት ጋር አያያዘ። ራይቲንግተን በተባለው፣ ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይተኙበት በነበረው ሆስፒታል ወደ 300 ለሚጠጉ ሰዎች ይኸው ተሠራላቸው። ሕመሙ ጠፋ፤ ሰዎቹም ተራመዱ።

ደስታው ግን ጥቂት ዓመት እንኳ በቅጡ አልዘለቀም። ቴፍሎኑ ተበላ። ከመበላቱም የከፋው ብናኙ ነበር። ሰውነት ብናኙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዘምትበታል፤ በዘመቻው መሐል በዙሪያው ያለው አጥንት ይበላል፣ የተተከለውም ይላላል። ቻርንሊ ሕሙማኑን እንደገና እየከፈተ የገዛ ሥራውን ማውጣት ነበረበት። ጥፋቱን ለማረጋገጥም ቴፍሎኑን በገዛ ጭኑ ሥጋ ውስጥ አስገባ፤ ከወራት በኋላ ቦታው አብጦ አገኘው። (ቀደም ሲልም በራሱ የእግር አጥንት ላይ ሙከራ አስደርጎ አመርቅዞበት ነበር። ሰውዬው የማይማር ነው ልበል ወይስ ደፋር?)

መፍትሔው ከሽመና ፋብሪካ መጣ። በ1962 አንድ ሻጭ ለሽመና መኪና ጥርስ የሚሠራበትን ጠንካራ ፖሊኢትሊን ይዞ መጣ። ቻርንሊ ናቀው። ረዳቱ ሃሪ ክሬቨን ግን አለቃው ውጭ አገር ሳለ መሞከሪያው ማሽን ላይ ጫነው፤ ሦስት ሳምንት ተፈትጎ እንኳ የተበላው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚበላው ያነሰ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለሰው መትከል ተጀመረ።

እንደ ሕግ ሰው የማረከኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቻርንሊ ዕቃው በየገበያው እንዲቸበቸብ ለዓመታት አልፈቀደም፤ የሚፈልገው ሐኪም ራይቲንግተን መጥቶ መማር ነበረበት። ታካሚዎቹንም ሲሞቱ መገጣጠሚያው ወጥቶ እንዲመረመር ይለምናቸው ነበር። በ1977 ሰር ተባለ፣ በ1982 አረፈ።

ፖሊኢትሊኑም ቢሆን ከመበላት አይድንም፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ብናኙ ያው ብናኝ ነው። በዚህ ላይ ከቦታው መውለቅ፣ ማመርቀዝና በውድቀት መሰበር አለ። በኋላ ፕላስቲኩ በጨረር እንዲጠነክር ተደርጎ መበላቱ ቀነሰ። ብረት ከብረት ጋር የሚያፋትጉት አንዳንዶቹ ዓይነቶች ግን ዓመታት ሳይፈተኑ ተሠራጭተው፣ አንደኛው በ2010 ከዓለም ገበያ ተሰበሰበ። በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው 25 ዓመት የሚዘልቁት 58 በመቶ ያህሉ ናቸው።

ስለዚህ በ15 ዓመት መላላቱ ብቻውን ጥፋት አያስረዳም። ይህን ለቤተሰቡ ስነግር ቅር ያላቸው አሉ። እትዬ ግን የጠየቁኝ ሁለተኛው ስንት ዓመት ይቆይልኛል ብለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያነሰ መሆኑን ነገርኳቸው። አሁን የተተከለላቸውን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ ከአሮጌ ሻንጣዎች ውስጥ እየፈለግን ነው፤ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው።