ከችሎት ወደ ገጠር መንገድ፦ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ

የፈተና ሰሞን ሲመጣ ብዙዎቻችን ለእረፍት ጊዜ የለንም ብለን ራሳችንን እናሳምናለን። ይህን ሰበብ የሚያሳጡን አንድ ሰው አሉ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊሊያም ዳግላስ።

ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1898 ሚኒሶታ ውስጥ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ያኪማ በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ እናታቸው በችግር አሳደጓቸው። በሕፃንነታቸው ታመው እግራቸው ስለደከመ፣ ለማጠንከር ብለው በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ኮረብቶች መውጣት ጀመሩ። ያ ልማድ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። በ1925 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ በ1939 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾሟቸው። ያኔ ገና 40 ዓመታቸው ነበር።

ሥራ ላይ ፈጣን ነበሩ። የፍርድ ዘመኑ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ሳያልቅ፣ ወደ ምዕራቡ ተራራ ይገሰግሱ ነበር። ሥራው ግን መንገድ ድረስ ይከተላቸዋል። በሰኔ 1953 የአቶሚክ ምስጢር ለሶቭየት ኅብረት ለማሳለፍ አሲረዋል ተብለው ሞት የተፈረደባቸው የሮዘንበርግ ባልና ሚስት ቅጣት እንዳይፈጸም አገዱና በመኪና ጉዞ ጀመሩ። ፔንስልቬንያ ሲደርሱ ፍርድ ቤቱ በአስቸኳይ ሊሰበሰብ መሆኑን በሬዲዮ ሰሙ። ወዲያው ተመለሱ። እግዱ በ6 ለ3 ድምፅ ተነሣ፤ ባልና ሚስቱም በዚያው ቀን ማታ ተገደሉ። እንዲህ ያለ ሸክም ያለበት ሰው መንገድ ቢናፍቅ ምን ይገርማል?

በዓመቱ፣ በ1954፣ ሌላ ጉዞ መጣ። ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄድ፣ ከ1924 ወዲህ የጭነት ጀልባ የማያልፍበት አሮጌ ቦይ አለ። ዳግላስ ድካማቸውን የሚያራግፉት ዳሩን ይዘው በመራመድ ነበር። መንግሥት እዚያ የመኪና መንገድ ሊሠራ ሲያስብ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ ደገፈ። ዳግላስ አዘጋጆቹን በደብዳቤ ሞገቱ፤ አብረውኝ በእግር ተጉዛችሁ እዩት ሲሉም ጋበዟቸው። በመጋቢት ወር 37 ሰዎች ከከምበርላንድ ከተማ ተነሡ። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ቀን ፈጀ፤ ሙሉውን መንገድ የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ 9 ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ። የመኪናው መንገድ ቀረ፤ ቦይውም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

የእግር መንገዱ ወደ ችሎትም ገባ። በ1972 ሲየራ ክለብ በተባለው ማኅበር ጉዳይ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ፣ ወንዝና ዛፍም በስማቸው ክስ ሊቀርብላቸው ይገባል ብለው ተከራከሩ።

ዳግላስን መልአክ ማድረግ አያስፈልግም። ረዳቶቻቸውን ያስጨንቁ ነበር፤ አራት ጊዜ አግብተዋል። መንገድ ያሳረፈው ሰው ሁሉ ለቤቱና ለባልደረባው የዋህ ይሆናል ማለት አይደለም። በ1975 ጡረታ ሲወጡ 36 ዓመት አገልግለው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በዚያ ፍርድ ቤት የእሳቸውን ያህል የቆየ ዳኛ አልነበረም። በ1980 አረፉ።

እንግዲህ ከሥራ መሸሽ ሌላ፣ ለሥራ አቅም መሰብሰብ ሌላ ነው። ዳግላስ መዝገቡን ጨርሰው ወጡ፤ ሲመለሱ ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይዘው መጡ። እኛም ቅዳሜ ከጓደኞቻችን ጋር ወጣ ብለን እግራችንን ብናፍታታ፣ ሰኞ ያው መጽሐፍ ሳይቀልለን አይቀርም።